ከክሩኪየስ ሞተር እስከ ዳባት ፈሰስ

ደባርቅ ላይ ምድጃ የተጣደ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ ውኃው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይንተከተካል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢማገድለት ተኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የባቄላ ንፍሮ የምትቀቅል እናት ነገሩን በዲግሪ ባትለካውም በማገዶዋ ታውቀዋለች። ወደ ጃናሞራ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ከፍ እያሉ በሄዱ ቁጥር ድስቱ የባሰ ይዘገያል።

ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። አየር ክብደት አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል፤ ደባርቅ ላይ ግን ሰባት መቶ ግራም ገደማ ብቻ። ይህን ክብደት ማንም ሰው ሲሸከመው አይሰማውም። ነገር ግን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ እንግሊዛዊ ብረት ሠሪ ይህንን የማይሰማ ክብደት ሥራ አስገባው፤ የእሱ ሥራ ልጆች ደግሞ እያደር ሐይቅ አደረቁ።

ሰውየው ቶማስ ኒውኮመን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1712 ደድሊ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አጠገብ ውኃ ለሞላው የከሰል ጉድጓድ ሞተር ተከለ። ብዙ ሰው የእንፋሎት ሞተር ሲባል እንፋሎት ፒስተን እየገፋ የሚሠራ ይመስለዋል። የኒውኮመን ሞተር ግን እንዲያ አልነበረም። ወገቡ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ የእንጨት ወራጅ አለ፤ በአንድ ጫፉ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ ከባድ የፓምፕ ዘንግ፣ በሌላው ጫፉ በሰንሰለት የተያዘ ፒስተን። የዘንጉ ክብደት ፒስተኑን ወደ ላይ ሲስበው ሲሊንደሩ በለስላሳ እንፋሎት ይሞላል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጡ ይረጫል። እንፋሎቱ በቅጽበት ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፤ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ እጅ በላይ የሰፋው ነገር ተኮማትሮ ሲሊንደሩ ባዶ ይቀራል። ክዳን በሌለው አፉ በኩል ከሰማይ እስከ ምድር የተከመረው አየር ፒስተኑን ቁልቁል ይደፍቀዋል፤ ወራጁ ያጋድላል፤ በማዶው ጫፍ ውኃው ይነሣል። እንፋሎቱ ቦታ አዘጋጅቶ የሚጠፋ ነው፤ ጉልበቱን የሚያወጣው አየሩ ነው።

ይህ ሞተር ደባርቅ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ደድሊ ላይ ከነበረው ጉልበት ሰባት አሥረኛውን ብቻ ያገኝ ነበር። ውኃ በመምጠጥ ብቻ ሊነሣ የሚችልበት ከፍታም እንዲሁ ያጥራል፦ ባሕር ወለል ላይ አሥር ሜትር ከሆነ ደባርቅ ላይ ሰባት ሜትር ከጥቂት ነው። ዛሬም ከወንዝ ውኃ የሚስብ ፓምፕ የሚተክል የደጋ ሰው ይህን ሕግ ማክበር አለበት። ፓምፑን ከውኃው ብዙ ካራቀው፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያጓራ ጠብታ አያገኝም።

የኒውኮመን ሞተር ጉድለት ሲሊንደሩን በየምቱ ማሞቅና ማቀዝቀዙ ነበር። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1769 ባስመዘገበው ፈጠራ ማቀዝቀዣውን ከሲሊንደሩ ለየው፤ እንፋሎቱ ወደ ሌላ ዕቃ ሄዶ ውኃ ይሆናል፣ ሲሊንደሩ እንደጋለ ይቆያል። ይህን ዕቃ ባለሙያዎቹ ኮንደንሰር ይሉታል። ከዚያ በኋላ ዕውቀቱ የሰላው ኮርንዎል ነው። ኮርንዎል የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ያላት፣ ጉድጓዶቿ ጥልቅና ውኃ አዘል፣ ከሰል ግን የሌላት የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ናት። ከሰሉ በመርከብ ከዌልስ ይመጣ ስለነበር እያንዳንዷ አካፋ ከሰል ዋጋ አላት። እዚያ ያደጉ ሞተር ሠሪዎች እንፋሎቱን ጠንከር ባለ ግፊት አስገብተው፣ ፒስተኑ መንገዱን ሳይጨርስ በሩን ይዘጉበታል፤ የቀረውን መንገድ እንፋሎቱ ራሱ እየሰፋ ይገፋዋል። ማገዶ ማነስ እንዲህ ያለ ብልኃት ያወጣል።

ይህ ብልኃት ትልቁን ሥራውን ያገኘው ኮርንዎል ውስጥ አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ በአምስተርዳም፣ በሃርለምና በላይደን ከተሞች መካከል፣ 18,000 ሄክታር የሚሰፋ ሃርለመርሜር የሚባል ሐይቅ ነበር። ማዕበል በተነሣ ቁጥር ዳርቻውን እየገመጠ መንደር ስለሚውጥ ሰዎቹ የውኃ ተኩላ ይሉት ነበር። ያን ሐይቅ ለማድረቅ ማሰብ የተጀመረው ገና በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ሊግዋተር የተባለ የንፋስ ወፍጮ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1641 ባወጣው መጽሐፍ 160 የንፋስ ወፍጮ ተክለን እንቅዳው አለ። ሐሳቡ ሁለት መቶ ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1836 የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ውኃውን እስከ አምስተርዳም በር አደረሰው፤ በዚያው ዓመት በገና ሰሞን ሌላው ዐውሎ ወደ ላይደን ገፋው። ከዚያ በኋላ ማቅማማት ቀረ። ከ1840 ጀምሮ በሐይቁ ዙሪያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአፈር ክትርና ከክትሩ ውጭ የሚዞር ቦይ ተሠራ። ሦስት የእንፋሎት ሞተር ቤቶችም ተተከሉ፦ ሊግዋተር፣ ክሩኪየስና ላይንደን። ሦስቱም ሐይቁ እንዲደርቅ ሲመክሩ ኖረው ሳያዩት ባለፉ ሰዎች ስም ተጠሩ፤ እኔ ይህን ስም አወጣጥ እወደዋለሁ።

ሦስቱ አብረው ከሠሩበት ከሚያዝያ 1849 ጀምሮ ሐይቁ እስኪደርቅ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 1852 ድረስ፣ 39 ወር ፈጀባቸው። ያወጡት ውኃ 800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው።

ከሦስቱ እስከ ዛሬ ሞተሩ በቦታው ያለው ክሩኪየስ ነው። ሐሳቡን የነደፉት ጆሴፍ ጊብስና አርተር ዲን የተባሉ እንግሊዛውያን መሐንዲሶች ናቸው፤ ሞተሩን የሠራውና የገጠመው የኮርንዎሉ ሃርቪ ፋብሪካ ነው። ቤቱ ክብ የጡብ ግንብ ነው፤ አናቱ እንደ ጥንት ምሽግ ጥርስ ጥርስ አለው። ከግንቡ መስኮቶች በዙሪያው ስምንት የብረት ወራጆች ወደ ውጭ ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ አሥር ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በውጭ ጫፉ አንድ ፓምፕ ይዟል፤ የውስጥ ጫፉ ወደ ግንቡ መሐል ገብቶ ከአንድ ትልቅ የብረት ቆብ ጋር ተያይዟል። ስምንቱ የሚታዘዙት ለዚያ ለአንዱ ቆብ ነው።

ከቆቡ ሥር ያለውን ማየት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲሊንደሩ ሁለት ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ በሰፊ ጋን ውስጥ እንደቆመ እንስራ። የውጩ ሲሊንደር የአፉ ስፋት 144 ኢንች፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሴንቲሜትር ነው፤ እስካሁን ከተሠሩት የእንፋሎት ሲሊንደሮች ትልቁ ይኸው ነው። የውስጡ 84 ኢንች ነው። በውስጠኛው ውስጥ ክብ ፒስተን ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ደግሞ ቀለበት የሆነ ፒስተን። ቀለበቱን አስቡት። በውጭ ጠርዙ የትልቁን ሲሊንደር የውስጥ ግድግዳ፣ በውስጥ ጠርዙ የትንሹን ሲሊንደር የውጭ ግድግዳ እየታከከ ሦስት ሜትር ይወጣል፣ ሦስት ሜትር ይወርዳል። በሁለቱም በኩል እንፋሎት ማሾለክ የለበትም። አንድ ግድግዳ ቀና አድርጎ መሰርሰር በዚያ ዘመን ትልቅ ሙያ ነው፤ እዚህ ግን ሦስት የብረት ገጽ ከአንድ መሐል ነጥብ ሳይስቱ አንድ ላይ ቀጥ ብለው መቆም ነበረባቸው። ይህን ሁሉ ሃርቪ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት ቀርጾ፣ ባሕር አሻግሮ፣ ለስላሳ የሐይቅ ዳር መሬት ላይ ገጠመው።

ከክቡ ፒስተን አንድ ወፍራም ዘንግ፣ ከቀለበቱ ደግሞ አራት ቀጫጭን ዘንጎች ወጥተው ቆቡን ይይዙታል። አምስቱ አንድ ላይ ካልሄዱ ቀለበቱ ያዘምማል፣ ያዘመመ ቀለበት ደግሞ ይነክሳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚታመነው በአምስት ዘንጎች እኩልነት ነው።

አሁን እንፋሎቱን እንከተለው። ከቦይለሩ የሚመጣው ጠንካራ እንፋሎት መጀመሪያ የሚገባው ከትንሹ ፒስተን ሥር ነው። ፒስተኑ ቆቡን ይዞ ሽቅብ ይሄዳል። በብዙ አሥር ቶን የሚቆጠር ክብደት ነው የሚነሣው። የወራጆቹ የውስጥ ጫፍ ከቆቡ ጋር ሲወጣ የውጭ ጫፋቸው ይወርዳል፤ ስምንቱ የፓምፕ ፒስተኖች በውኃው ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ቫልቮቻቸው ተከፍተው ውኃው በመሐላቸው ያልፋል። እንግዲህ እንፋሎቱ ውኃ አላነሣም። ያነሣው ብረት ነው። ይህ ለእኔ የሞተሩ ዋና ብልኃት ነው፦ ቁጡና ያልተረጋጋ የሆነውን የእንፋሎት ጉልበት መጀመሪያ ወደ ክብደት ለወጡት። ክብደት አይቆጣም። ሲወርድ በአንድ ዓይነት ኃይል ይወርዳል፤ ውኃውን የሚያነሣው ያ እኩል የሆነ አወራረድ ነው።

ቆቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከእንፋሎት ሞተር የማይጠበቅ ነገር ይሆናል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሠሪዎቹ በቆቡ ሥር ሁለት የውኃ ሲሊንደሮች አኑረዋል። ቆቡ ሲወጣ ዘንጎቻቸውን ይዞ ይወጣል፣ ውኃ ከሥራቸው ይሞላል፤ ጫፍ ላይ ቫልቩ ሲዘጋ ውኃው መውጫ ያጣል፤ ውኃ ደግሞ አይታመቅም። ያ ሁሉ ብረት ባሠሩት ውኃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ምንድን ነው? ውጭ ያሉት ስምንት ፓምፖች ቫልቮቻቸውን በራሳቸው ክብደት፣ በረጋ ውኃ ውስጥ፣ ቀስ ብለው እንዲዘጉ ነው። ቆቡ ሳይቆም ወዲያው ቢወርድ ኖሮ ቫልቮቹ በሚወጣው ውኃ ኃይል ይላተሙ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግጭት በደቂቃ ብዙ ጊዜ፣ ሌትና ቀን ሲደጋገም ብረት ይሰነጥቃል። በትንሽ ፓምፕ ላይ ይህ ቸል ሊባል ይችላል። እያንዳንዱ ፓምፕ በአንድ ምት ስምንት ሜትር ኩብ ውኃ ሲይዝ ግን ቸል አይባልም።

ከዕረፍቱ በኋላ የታሠረው ውኃ ይለቀቃል። በዚያው ጊዜ ከትንሹ ፒስተን ሥር የነበረው እንፋሎት ከሁለቱም ፒስተኖች በላይ ወዳለው ቦታ እንዲሻገር በር ይከፈትለታል። የውስጠኛው ሲሊንደር አናት ከላይ ክዳኑን ስለማይነካ እንፋሎቱ እንደልቡ በሁለቱ ላይ ይሰፋል። በትንሹ ፒስተን ላይ ከላይና ከታች ያለው ግፊት እኩል ስለሆነ ምንም አይጫነውም። ከቀለበቱ ሥር ግን ሁልጊዜ ወደ ኮንደንሰሩ የተከፈተ ባዶ ቦታ አለ፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ቀለበቱን ቁልቁል ይጫነዋል። አንድ ጊዜ ብረት ያነሣው እንፋሎት፣ ሁለተኛ ጊዜ እየሰፋና እየደከመ፣ ያንኑ ብረት ሲወርድ ያግዘዋል። የኮርንዎል የከሰል ቁጠባ እዚህ ላይ ፍጹም ሆኖ ይታያል። ቆቡ ይወርዳል፤ የወራጆቹ የውጭ ጫፍ ይነሣል፤ 64 ሜትር ኩብ ውኃ እስከ አምስት ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ዙሪያ ቦዩ ይፈስሳል። በደቂቃ አምስት ጊዜ። በደቂቃ 320 ሜትር ኩብ።

ዓይን የሚያርፍባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ የወራጆቹ ወገብ የሚያርፍበት መስኮት፣ ከግንቡ ውጭ ፓምፖቹ የሚሠሩበት ወለል። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚያች ዕረፍት ነው። ጉልበት መሥራት ብዙዎች ችለውበታል። ጉልበትን ጫፍ ላይ አቁሞ፣ ትንሹ ክፍል ሥራውን እስኪጨርስ ማስጠበቅ ግን ሥራውን በሙሉ ልብ ያሰበ ሰው ሙያ ነው።

ክሩኪየስ እ.ኤ.አ. እስከ 1933 ድረስ ሠርቷል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ወራጆቹ ከ2002 ጀምሮ እንደገና ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ግን እንፋሎት ሳይሆን የዘይት ግፊት ነው። የደረቀው ሐይቅ ወለል ከባሕር በታች ብዙ ሜትር ዝቅ ያለ እርሻና ከተማ ሆኗል፤ የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያም እዚያው ላይ ነው። ከአገራችን የሚላክ ጽጌረዳ የሚሸጥበት የአልስሜር የአበባ ገበያ የድሮው ሐይቅ ዳርቻ ከነበረው መንደር አጠገብ ይገኛል። መጀመሪያ የሰፈሩት ሰዎች ግን አበባ አልጠበቃቸውም፤ ረግረጉ ላይ ወባና ኮሌራ ብዙዎችን ጨረሰ። መሬት ከውኃ መውጣቱና ለሰው መመቸቱ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ የማይቀር ዕዳ አለ። በምሥራቅ እንግሊዝ ስትሬተም በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1831 የተተከለ የእንፋሎት ሞተር አለ። እሱ ፓምፕ ሳይሆን ትልቅ መንኮራኩር እያዞረ ውኃን በመቅዘፊያ ይጠርግ ነበር፤ በፊት አራት የንፋስ ወፍጮ ይሠራው የነበረውን ሥራ ብቻውን ተረከበ። የዚያ አገር አፈር የበሰበሰ ሣርና ሥራ ሥር የተከመረበት ጥቁር አፈር ነው። ውኃው ሲወጣለት ይኮማተራል፣ ይቃጠላል፣ በነፋስ ይነሣል፤ መሬቱ ዝቅ ይላል። መሬቱ ዝቅ ሲል መንኮራኩሩ ውኃውን አልደርስበት ይላል። ስለዚህ መንኮራኩሩን ደጋግመው አሰፉት። ሞተሩ ሥራውን በሚገባ በሠራ መጠን ነገ የሚጠብቀው ሥራ ይከብዳል። ሃርለመርሜርም ፓምፕ ቢቆም ተመልሶ ይሞላል፤ እዚያ ውኃ የሚሄድበት ቁልቁለት የለምና ለዘላለም ውኃውን ከፍ እያደረጉ ማውጣት ነው።

የስሜን ሰው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ቁልቁለት ሞልቶታል። ከራስ ደጀን ሥር የሚፈስሰው ውኃ ሁሉ ማንም ሳይገፋው ተከዜ ይገባል፤ በሊማሊሞ በኩል የሚወርደውም እንዲሁ መንገዱን ያውቃል። ግን ከወገራ በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወስደው ደልዳላ አገር ላይ ክረምት ሲገባ ሌላ ነገር ይታያል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቀው ዋልካ አፈር፣ ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ መግቢያ የለውም። ማሳው ላይ ይቆማል። የቆመ ውኃ የእህሉን ሥር አየር ይነሣዋል፤ ቡቃያው ይገረጣል። ለዚህ ነው ብዙ ገበሬ ዋልካውን ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቆ ሽንብራ ወይም ጓያ የሚዘራበት። ቀድሞ መዝራት የፈለገ ውኃውን ማስወጣት አለበት። የሚያስወጣውም በፈሰስ ነው።

ፈሰስ ማሳውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ጥልቅ ትልም ነው። ከዘር በኋላ ገበሬው በሬዎቹን እንደገና አስገብቶ ይተልመዋል። መሣሪያው የሚያርስበት ራሱ ነው፦ ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍ፣ ሁለት ድግርና ጫፉ ላይ ብረቱ ማረሻ። የተለየ ነገር አልተጨመረበትም። የሚለየው እጅ ነው። እርፉን ለእርሻ ከሚጫነው በላይ ተጭኖ፣ አፈሩ ከፈሰሱ ታችኛ ጎን እንዲያርፍ ያዘነብለዋል። የተነሣው አፈር ለውኃው ዝቅተኛ ክትር ይሆናል። ቀሪውን በዶማና በእግር ያስተካክለዋል።

ሥራውን የሚለየው አቅጣጫው ነው። ፈሰሱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ ውኃው ጉልበት ያገኝና አፈሩን ይበላል፤ በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይወጣል። ፈሰሱ ከዳገቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አግድም ከሆነ ደግሞ ውኃው አይሄድም፤ ደለል ያስቀምጣል፣ ሞልቶ በመሐል ይፈርሳል፤ የፈረሰበት ቦታ ካልተሠራ ፈሰስ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ትክክለኛው ሰያፍ በሁለቱ መካከል ያለ ጠባብ ልክ ነው፤ አፈሩ ሲለዋወጥ እሱም ይለዋወጣል። ገበሬው ይህን ልክ የሚያገኘው በመሣሪያ አይደለም። ባለፈው ክረምት ውኃው የት እንደቆመ፣ ቡቃያው የት እንደገረጣ፣ ደለል የት እንደተከመረ ያስታውሳል፤ በሬዎቹ እየሄዱ ሳለ ዓይኑን ወደፊት ጥሎ መስመሩን ያጣምማል። ጥሩ ፈሰስ ስትመለከቱት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። መሬቱ ጎበጥ ባለበት ይጎብጣል፤ ዝቅ ባለበት ቀድሞ ይጠመዘዛል። ሃርቪ ሦስት የብረት ገጽ ከአንድ ነጥብ ላይ ለማቆም የመሰርሰሪያ ማሽን ነበረው። ገበሬው ያለው ዓይኑና የሁለት በሬ እርምጃ ነው። በእኔ ግምት የሁለቱ ሥራ እኩል አክብሮት ይገባዋል፤ የገበሬው ሥራ የሚለየው በሚቀጥለው ዓመት እርሻ መጥፋቱ ነው። እንደገና ይተለማል፤ ምናልባትም ከአምናው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ ምክንያቱም አምና ውኃው አንድ ቦታ ላይ ዘግይቶ ነበር።

ሌሎችም በዚሁ መሣሪያ ላይ ጥበብ ጨምረዋል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ሜዳ ላይ ቤተሰብ ሙሉ ማሳ ገብቶ፣ በማረሻ የተተለመውን አፈር በእጁ እያነሣ ሰፋፊ መደብ ይሠራል፤ ውኃው በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ይወርዳል፣ እህሉ ከፍ ብሎ በደረቅ ይቆማል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፤ ብዙውን የሚሸከሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የቁም እንስሳት ማዕከል ያንን በበሬ ለማሠራት ሁለት ማረሻ አጣምሮ አንድ መሣሪያ ሠራ፤ 80 ሴንቲሜትር መደብና 40 ሴንቲሜትር ቦይ በአንድ ጉዞ ያወጣል። በልኩ የተሠራ ነው፤ ገበሬዎች ያነሡበት ቅሬታ ክብደቱ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ከበጋ የወጣ በሬ ገና አልጠገበም፤ ርጥብ ዋልካ ደግሞ ብረት ላይ ይለጠፋል። አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎት ከቤቱ ማሳ የሚወስደውን ማረሻ የሚተካ ነገር እሱንም ያህል መቅለል አለበት።

ፈሰስ የራሱ ዕዳ አለው፤ የሚከፈለውም ታች ነው። በጣና ተፋሰስ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ፈሰስ ማሳው ላይ ያለውን አፈር ከመጠረግ ሲያድን፣ ተሰብስቦ የሚወርደው ውኃ ከማሳው በታች ቦረቦር ይከፍታል። የስሜንን የአፈር መከላት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያጠናው የስዊሱ ሐንስ ሁርኒም፣ ዳገት ላይ የታረሰ መሬት ያለ እርከን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሳሳ በዚያው ተራራ ላይ ለክቶ አሳይቷል። እርከንና የድንጋይ ክትር ባለበት ማሳ ውኃው ስለሚዘገይ ፈሰሱ ያንሳል፤ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል።

ስለዚህ ለጥሩ አራሽ ከመስመሩ ሁሉ ከባዱ መጨረሻው ነው፤ ፈሰሱ ከማሳው የሚወጣባት ክንድ ቦታ። እዚያ ላይ ውኃው ወይ ሣር የለበሰ መውረጃ፣ ወይ ድንጋያማ ጥግ፣ ወይ ሁለት ማሳ የሚለይ ወሰን ማግኘት አለበት። ካጣ የሚገባው ጎረቤት ማሳ ራስጌ ነው። ጎረቤቱም የራሱን ፈሰስ ከዚያው ጀምሮ መቀበል ካልፈቀደ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ማሳው ድረስ ሄደው፣ ውኃው የቆመበትንና የሄደበትን አይተው፣ የላይኛው የት እንደሚያወጣ፣ የታችኛው የት እንደሚቀበል፣ መካከል ላይ ድንጋይ የሚደረድረው ማን እንደሆነ ይወስናሉ፤ የሚቀጥለው ዝናብ ከመጣሉ በፊትም ሁለቱ ባለማሳዎች ዶማ ይዘው ያቺን ክንድ ቦታ አብረው ይሠሯታል።